የሞተ ሁሉ አልነጻም

ክፉ ነገር ሲያበቃ ርኩሰቱም አብሮ ያበቃል? ብዙዎቻችን ሳንመረምር አዎ ብለን እናልፋለን። ሌባው ስርቆቱን ከተወ፣ ሰካራሙ ከመጠጥ ከተለየ፣ ጦርነቱ ካቆመ ነገሩ የጸዳ ይመስለናል። የነገረ መለኮት ሊቃውንትና ፈላስፎች ለዚህ ጥያቄ የየራሳቸውን መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። እኔ ማስረጃዬን የማመጣው ለእንዲህ ያለ ክርክር እምብዛም ከማይጠራ ቦታ፣ ከማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ነው። እዚያ አንድ የመስታወት ብልቃጥ በኦቶክሌቭ ውስጥ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ለ15 ደቂቃ ሲቆይ በውስጡ የነበሩት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ለብዙ ሥራ ይህ ይበቃል። ብልቃጡ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም የመድኃኒት ንጽሕና የሚመረመርበት ከሆነ ግን ባለሙያው ገና ንጹሕ ነው አይልም። በፎይል ጠቅልሎ ወደ ደረቅ ምድጃ ያስገባውና በ250 ዲግሪ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያቆየዋል። ሕያው ነገር በሌለበት ዕቃ ላይ ይህን ያህል ሙቀት የሚለቀቀው ሟቾቹ ትተውት የሄዱት ነገር ስላለ ነው። እኔም የምለው ይኸው ነው፦ ክፉን መግደልና ከክፉ መንጻት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ፈጽሞ ሁለተኛውንም እንደ ፈጸመ የሚቆጥር ሰው ሳያውቀው ባልንጀራውን ይጎዳል።

ነገሩ በግልጽ የታየው በ1892 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ሪቻርድ ፋይፈር የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በርሊን ውስጥ በሮበርት ኮኽ ተቋም የኮሌራን ባክቴሪያ ሲያጠና፣ በሙቀት የተገደሉ ባክቴሪያዎችን ለጊኒ ፒጎች በመርፌ ሰጠ። የሞተ ባክቴሪያ ጉዳት የሚያመጣ አይመስልም፤ እንስሳቱ ግን ሞቱ። ፋይፈር ከዚህ ተነሥቶ መርዙ የባክቴሪያው የራሱ አካል ክፍል እንደሆነ፣ ሙቀትም በቀላሉ እንደማያጠፋው ተረዳና ኢንዶቶክሲን ብሎ ሰየመው። በዚያው ዘመን በየሐኪም ቤቱ ሌላ እንቆቅልሽ ነበር። ጨዋማ ፈሳሽ ወይም መድኃኒት በደም ሥራቸው የተሰጣቸው ሕሙማን ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ትኩሳታቸው ያሻቅባል። ጥፋቱ አንዴ በመድኃኒቱ፣ አንዴ በጨዉ፣ አንዴም በሕመምተኛው ተፈጥሮ ይመካኝ ነበር። አሜሪካዊቷ ባዮኬሚስት ፍሎረንስ ሳይበርት በ1923 ምክንያቱን በውኃው ውስጥ አገኘችው። ውኃው እንፋሎት እንዲሆን ተደርጎ የተጣራ ነው፤ ሆኖም ሲፈላ የሚፈናጠሩ ጥቃቅን ጠብታዎች የባክቴሪያውን ቅሪት ተሸክመው ከእንፋሎቱ ጋር ያልፉ ነበር። ጠብታዎቹን የሚያግድ ማጣሪያ ስትሠራ ትኩሳቱ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ የሚያስጨንቀኝ የሐኪሙ ሁኔታ ነው። ሐኪሙ አልዋሸም፤ ውኃውን በእርግጥ አፍልቷል፣ መርፌውን ቀቅሏል፣ በውስጡ ሕያው ጀርም የለም ሲልም እውነቱን ነበር። ቃሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሕመምተኛው አልጋው ላይ ይንቀጠቀጣል። በደለኛ ሰው «ትቼዋለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ እውነት ላይ ቆሞ ነው። መተዉን ማንም ሊክደው አይችልም። የተበዳዩ ሕመም ግን በመተዉ አልተነካም፤ «ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም» የሚለው የአገራችን ብሂል የሚናገረው ስለዚህ ነው። ተበዳዩ እያመመው መቆየቱን ቂመኝነት ብለን ለመክሰስ እንቸኩላለን። የሰው አካል የሚያደርገውን ብናስተውል ግን አንቸኩልም ነበር። የደም ሕዋሳት የባክቴሪያውን ቅሪት ሲያገኙ ሕያው ጠላት እንደገባ ቆጥረው ያውካሉ፤ ትኩሳቱ የእነርሱ ጩኸት ነው። ያ ቅሪት ባለበት ባክቴሪያው ነበረ፣ ምናልባትም አሁንም አለ፤ ስለዚህ የአካሉ ጥርጣሬ ምክንያት አለው።

እንፋሎት የሚገድለውን ነገር ለምን እንደማያጠፋው ማወቅ ለክርክሩ ያስፈልጋል። እርጥብ ሙቀት የሕያዋንን ፕሮቲን ያረጋል፤ ባክቴሪያው መሥራት፣ መባዛት ያቅተውና ይሞታል። ኢንዶቶክሲን ግን ስብና ስኳር የተያያዙበት ሊፖፖሊሳካራይድ የሚባል ነገር ነው፤ ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ውጫዊ ልባሳቸው የሚሠራው ከዚህ ነው። ትኩሳት የሚያመጣው የስቡ ክፍል የኦቶክሌቭን ሙቀት ችሎ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ሲሞትና ሲፈራርስ እንዲያውም ይበልጥ ይለቀቃል። እሱን ለማጥፋት ቁሱ ራሱ ተቃጥሎ መበታተን አለበት፤ ለዚህም ደረቅና እጅግ ከፍ ያለ ሙቀት ያስፈልጋል። በደረቅ ሙቀት መግደል ብቻ ቢሆን ዓላማው፣ 170 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ወይም 160 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት በበቃ ነበር። ከዚህ ይበልጥ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። ሙቀቱ ዝቅ ካለ የኢንዶቶክሲኑ መጥፋት መጀመሪያ ይፋጠንና ኋላ ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ማርዘም የዚያን ያህል አይጠቅምም። የጊዜ ርዝመት የጎደለውን ሙቀት አይተካም። «ጊዜ ሁሉን ይፈውሳል» የሚለውን አባባል አምኖ ለተቀመጠ በደለኛ ይህ ከባድ ዜና ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው በደል ሃያ ዓመት ስላለፈው ብቻ አልነጻም፤ የሚገባውን ያህል ካልተነካ አንድ ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው ይቆማል።

መግደል ራሱ ሕመም የሚያባብስበትን ሁኔታ የኢትዮጵያ ሐኪሞች በቅርብ ያውቁታል። በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የግርሻ በሽታ ከሌላው ዓለም በአብዛኛው ሲጠፋ በአገራችን ቆይቷል። ለበሽተኛው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ሲሰጠው ተሕዋሳቱ ከደሙ ይጠፋሉ፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ መንቀጥቀጥና ትኩሳት ይነሣል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል፤ አንዳንዱ በዚህ ይሞታል። ሐኪሞች ያሪሽ ሄርክስሃይመር ይሉታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ የግርሻው ተሕዋስ ኢንዶቶክሲን የለውም፣ ሕመሙን የሚቀሰቅሰው ከተሕዋሱ የሚለቀቅ ሌላ የስብና ፕሮቲን ውህድ ነው። መሠረቱ ግን አንድ ነው፦ ጠላቱ በመጥፋት ላይ ሳለ የጠላቱ ስብርባሪ በሽተኛውን ይጥለዋል። አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በ1996 የታተመ ጥናት የሰውነቱን ምላሽ የሚያለዝብ ፀረ እንግዳ አካል ከፔኒሲሊኑ በፊት ቢሰጥ ይህ መናወጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚህ ተነሥቶ አይታከም የሚል የለም፤ ግርሻ ካልታከመ ይገድላል። የሚወጣው ፍርድ ሌላ ነው፦ መድኃኒቱን የሰጠ ሰው መርፌውን ነቅሎ መሄድ አይችልም፣ የሚለቀቀው ነገር እስኪያልፍ ከአልጋው አጠገብ የመቆየት ግዴታ አለበት።

የሃይማኖት ትውፊቶች ይህን ልዩነት ሳያውቁት አልቀሩም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ንስሐ የገባ ሰው ኃጢአቱን ከተናዘዘ በኋላ የንስሐ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት፣ የበደሉትን መካስ። መናዘዙና ቀኖናው ለየብቻ መኖራቸው ትርጉም የሚኖረው ኃጢአቱን መተውና ኃጢአቱ የተወውን ማንሣት ሁለት ነገር ሲሆኑ ብቻ ነው። በእስልምናም የተውባ መስፈርቶች ድርጊቱን መተው፣ መጸጸትና ላይመለሱ መቁረጥ ናቸው፤ በደሉ የሰው ሐቅ የነካ ከሆነ ደግሞ ሐቁን መመለስ ወይም ባለሐቁን ይቅርታ መጠየቅ ይጨመርበታል። በሉቃስ ወንጌል ዘኬዎስ የተባለው ቀራጭ ክርስቶስን በቤቱ ሲቀበል የሚናገረውም ስለ ገንዘብ ነው፦ እኩሌታው ለድሆች፣ ያታለለው ካለ አራት እጥፍ። ወደፊት አላጭበረብርም ብቻ ብሎ ቢያቆም ኖሮ ማንም ባልወቀሰው ነበር። የተጭበረበሩት ሰዎች ግን በባዶ ቤታቸው ይቀሩ ነበር።

አንድ አማኝ እዚህ ላይ በጽኑ ሊቃወመኝ ይችላል። የእግዚአብሔር ይቅርታ ፍጹም ከሆነ፣ ከይቅርታው በኋላ የሚቀር ቅሪት አለ ማለት ጸጋውን ማሳነስ አይሆንም? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ቀኖናን እንደ ዕዳ ክፍያ፣ ምሕረትንም እንደሚገዛ ዕቃ የሚያዩ ሰዎች ስላሉ በእነርሱ ላይ ተገቢ ተግሣጽ ነው። ነገር ግን ይቅርታው የሚፈጸመው በበደለኛውና በአምላኩ መካከል ሲሆን እኔ የምናገርለት ቅሪት ያለው በሌላ ሰው ደም ውስጥ ነው። ይቅር የተባለው በደለኛ በአምላኩ ፊት ምንም ዕዳ ላይኖርበት ይችላል፤ በእርሱ ምክንያት ጤናው፣ ስሙ ወይም ርስቱ የተነካ ሰው ግን ከዚያ ይቅርታ የሚደርሰው እንክብካቤ በራሱ በበደለኛው እጅ በኩል ካልመጣ በየት ይመጣል? ዘኬዎስም የተጠራው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ነው፤ ጥሪው ከካሳው ቀድሟል። ካሳው ጸጋውን አልገዛም፣ ጸጋው ግን ካሳ ወለደ።

ከዚህ ይልቅ የምፈራው ሁለተኛውን ተቃውሞ ነው፤ ስለ ማንጻት የሚናገር ሰው ሁሉ ሊፈራው ይገባል። ታሪክ ንጽሕናን ሰበብ አድርገው ሰዎችን ያቃጠሉ፣ ያሳደዱ፣ ያስወገዱ ሰዎችን ያውቃል። ቅሪት እስኪጠፋ ድረስ እሳቱን ጨምሩ የሚል ትምህርት በእነዚያ እጅ ከገባ ምን ይሆናል? ላቦራቶሪው ለዚህ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ምድጃ ውስጥ የሚገባው 250 ዲግሪ የሚችል ዕቃ ብቻ ነው፤ መስታወት ይችላል፣ ብረት ይችላል። የብልቃጡ የጎማ ክዳን ግን እዚያ ቢገባ ይበላሻል፤ ስለዚህ ኢንዶቶክሲኑ ከላዩ የሚነሣው ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ በማጠብ ነው። ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 31 ላይም ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ እርሳስ፣ እሳት የሚችለው ሁሉ በእሳት እንዲያልፍ፣ የማይችለው በውኃ እንዲያልፍ ታዝዟል፤ በእሳት ያለፈውም ቢሆን የማንጻት ውኃ ይቀረዋል። ዘሌዋውያን በበኩሉ የመሥዋዕት ሥጋ የተቀቀለበትን የናስ ዕቃ ፈግፍጎ ማጠብ ሲያዝ የሸክላውን ስበሩት ይላል። የማንጻቱን ዓይነት የሚወስነው የርኩሰቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የሚችለውም ይታያል። ሰው ደግሞ እሳት የሚችል ዕቃ አይደለም። ጥሩ የንስሐ አባት ለደካማ የከበደ ቀኖና የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ ንጽሕና ፍለጋ ዕቃውን ከሰበረ የጠፋው ዕቃው ራሱ ነው፣ የተፈለገበትም ዓላማ አብሮት ይጠፋል።

እሳት ብቻውን እንደማይበቃ የእናቶቻችን ጓዳም ይመሰክራል። የጠላ ጋን መጀመሪያ በግራዋ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው በወይራ የሚታጠነው፤ ያልታጠበ ጋን ላይ ጢስ ቢለቁበት እድፉን ያደርቁታል እንጂ አያነሡትም። በላቦራቶሪውም ብልቃጡ ከምድጃው በፊት ይታጠባል፣ ከኢንዶቶክሲን በጸዳ ውኃ ይለቀለቃል፣ ሳይውል ሳያድር ይደርቃል። እርጥብ ሆኖ ካደረ ባክቴሪያ ይራባበትና ምድጃው የሚጠብቀው ሥራ ይበዛል። የመንጻት ሥራ ቅደም ተከተል አለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የፈላስፎች ነው፦ ስለ መስታወትና ስለ ስብ የሚታወቅ እውነት ስለ ሰው ግዴታ ምን ያስረዳል? ከሚሆነው ነገር ሊሆን የሚገባው አይወጣም። እስማማለሁ፤ ከምድጃው ውስጥ የምግባር ሕግ አላወጣሁም። ባልንጀራን አለመጉዳት ግዴታ መሆኑን ያመጣሁት ከሌላ ቦታ ነው፣ ተቃዋሚዬም የሚክደው አይመስለኝም። ላቦራቶሪው የሰጠኝ ማስረጃ ስለ አንድ ግምት ብቻ ነው፤ ጎጂው ከሞተ ጉዳቱ አብሮ ይሞታል የሚለው ግምት ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ አንድ የተረጋገጠ ምሳሌ ሰጥቷል። ለእንዲህ ያለ ጠቅላይ ግምት አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ በደል ቅሪት መኖር አለመኖሩን መርምሮ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው፤ ለካ የለም ሊባልም ይችላል። የማይፈቀደው ሳይመረምሩ የለም ማለት ነው።

መመርመር ስል የላቦራቶሪው አሠራር አንድ ትልቅ ትምህርት ይዟል። ምድጃው በእርግጥ ማንጻቱን ለማወቅ ባለሙያዎች መጠኑ የታወቀ ኢንዶቶክሲን በብልቃጥ ላይ አድርቀው ሙቀት ዘግይቶ በሚደርስበት፣ ከምድጃው ሁሉ በሚቀዘቅዘው ማእዘን ያስቀምጡታል። ሲወጣ ቢያንስ በሺህ እጥፍ መቀነስ አለበት። ምድጃው የሚፈረድለት ወይም የሚፈረድበት በሞቃቱ መሐል አይደለም፤ እሳቱ መጨረሻ በሚደርስበት ጥግ ባለው ውጤት ነው። ለአንድ ተቋም፣ ለአንድ ደብር፣ ለአንድ መንግሥት መታረም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም። ደግሞም «በሺህ እጥፍ» እንጂ «ፈጽሞ» አልተባለም። ዜሮ የሚባል ንጽሕና እዚህ አይታወጅም፤ የሚታወጀው መጠኑ የታወቀ ንጽሕና ነው። አንዳንዶች ፍጹም ካልሆነ ምን ዋጋ አለው ይላሉ። ዋጋው በሕመምተኛው ላይ ይታያል፤ ከሺህ እጁ 999ኙ የተቀነሰለት ሰው የመንቀጥቀጥ ዕድሉ እጅግ ያንሳል። ይህን ማረጋገጫ የምናገኝበት መንገድም በነጻ አልመጣም። ከ1942 ጀምሮ የአሜሪካ የመድኃኒት መድበል በጥንቸሎች ላይ ትኩሳት መለካትን ያዝዝ ነበር። ኋላ ፍሬደሪክ ባንግና ጃክ ሌቪን ሆርስሹ ክራብ የተባለው የባሕር ፍጥረት ሰማያዊ ደም ኢንዶቶክሲን ሲነካው እንደሚረጋ አሳዩ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምርመራው በዚያ ደም ላይ ቆመ። ዛሬ ያንን የደም ክፍል በላቦራቶሪ የሚተካ ዘዴ ከሲንጋፖር ተመራማሪዎች ተገኝቶ ቀስ በቀስ ተቀባይነት እያገኘ ነው። እኔ መተካቱን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ፤ የእኛን ንጽሕና ለመመስከር የሌላ ፍጥረት ደም መቅዳት፣ ሌላ መንገድ ከተገኘ በኋላ፣ ምክንያት ያጣል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከማርቆስ ወንጌል ይነሣል። ከውጭ ወደ ሰው የሚገባ ነገር እንደማያረክሰው ክርስቶስ አስተምሯል፤ ታዲያ ስለ ዕቃ ንጽሕና ይህን ያህል መጨነቅ ፈሪሳዊነት አይሆንም? ሳይንሱ በአንድ በኩል ከወንጌሉ ጋር ይስማማል። ኢንዶቶክሲን በምግብ፣ በውኃ፣ በአየር አለ፤ በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ሳይቀር እጅግ ብዙ አለ፣ አይጎዳውም። የሚጎዳው ወደ ደም ሥር ሲገባ ነው፤ ስለዚህ የመጠጥ ብርጭቋችንን በ250 ዲግሪ የምናነድበት ምክንያት የለም። የወንጌሉ ቃል የሚናገረው ግን ስለሚበላው ሰው ልብ ነው። የላቦራቶሪው ንጽሕና የዕቃው ባለቤት በእጁ ንጽሕና የሚኮራበት አይደለም፤ ዕቃው ለሚቀዳለት ሰው የሚከፈል ግዴታ ነው። ያው ክርስቶስ የጽዋውን ውጭ አጥርተው ውስጡን ቅሚያ የሞሉትን ሲገሥጽ ነቀፋው በቅሚያው ላይ ነበር፤ ቅሚያ ደግሞ ሁልጊዜ የተቀማ ሰው አለበት።

በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት የተፈቀደው ወሰን በሰዓት ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 5 የኢንዶቶክሲን አሃድ ነው፤ አንዱ አሃድ ከአንድ ግራም አሥር ቢሊዮንኛ ገደማ ይመዝናል። በአከርካሪ በኩል ለሚሰጥ መድኃኒት ግን ወሰኑ 0.2 ነው፣ በ25 እጥፍ የጠበበ። ብልቃጡ አንድ ዓይነት፣ ባለሙያውም ያው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወሰኑን የሚያጠብበው መድኃኒቱ የሚገባበት አካል ራሱን የመከላከል አቅሙ ማነሱ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቶችን፣ ኢማሞችን፣ ሽማግሌዎችን፣ በእርቅ ሥራ የተሰማራችሁትን ሁሉ እለምናለሁ፦ በደለኛውን «ትተሃል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ እዚያ አታቁሙ። የተወው ነገር አሁን በማን ውስጥ እንዳለ ጠይቁት፤ ካሳውንም በእርሱ መጸጸት ልክ ሳይሆን በተጎዳው ሰው ድካም ልክ ቁረጡ።